ጓድ ዝላቶቪን የጻፈልኝ መጽሐፍ

ያ ፈረንጅ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ምን ነበር ያለኝ?

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዤው እንደኖርኩ ብነግራችሁ ስለምታዝኑልኝ አልነግራችሁም። አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። አምስት ቃል ቢሆን ነው፤ ስድስትም ሊሆን ይችላል፤ የማያውቁት ቋንቋ ቃሉ የት አልቆ የት እንደሚጀምር በምን ይታወቃል? «ጎበዝ ነሽ» ብሎኝ ይሆናል። «ውሸታም ነሽ» ብሎኝም ይሆናል። «ሽንት ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» ብሎኝ ከሆነም አልፈርድበትም፣ ረጅም ስብሰባ ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በዚያ ዘመን ያልገባን ነገር ሲነገረን ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከራሴ ልጀምር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የፊት ጥርሶቹን ገና አላበቀለም፤ እኔ ደግሞ ከመምህራችን በስንዝር እበልጥ ነበር። ጎብኚ በመጣ ቁጥር መምህሯ እኔ እየመሰልኩት መጀመሪያ የሚጨብጠው እኔን ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሁለት አመል ያወጣል። አንደኛው፣ የተጻፈ ነገር ካገኘ የቅመም መጠቅለያም ቢሆን ሳያነብ አያልፍም። ሁለተኛው፣ ስህተት ካየ ሳያርም አይሆንለትም። ይህ ሁለተኛው አመል በዚያ ዘመን ለጤና ጥሩ አልነበረም። አንድ ቀን የቀበሌያችንን ማስታወቂያ ቆሜ ሳነብ ሦስት ስህተት አገኘሁና እጄ ሳላዝዘው ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ እጁ እያዛወረ ምን ላወጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። መሀረብ አልኩት። መሀረብ ግን አልነበረኝም። አብዮት ጥበቃው እስኪጠግብ እያየኝ አፍንጫዬን በመዳፌ ጠርጌ ሄድኩ።

ቀይ ሽብሩ አልፏል ይባል ነበር፤ ማለፉን ግን ለፍርሃታችን የነገረው ሰው አልነበረም። የታሪክ መምህራችን ጠረጴዛው ውስጥ በተገኘች አንዲት ቅጠል ወረቀት ተወስዶ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው የተመለሰው። ወረቀቷ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያውቅ የለም። ከተመለሰ ወዲህ ግን የተማሪዎቹን ስም በቃሉ ይጠራል እንጂ ዝርዝር አይዝም።

የማስተምረው ጎፋ ነበር፣ ሰባተኛ ክፍል፣ አማርኛ። ግማሾቹ ተማሪዎቼ ከሀና ማርያም በኩል በእርሻ መሀል እየተንሸራተቱ ይመጣሉ፤ በክረምት መግቢያ ላይ እግራቸውን የሚያክል ጭቃ ይዘው ስለሚገቡ የክፍላችን ወለል በየሳምንቱ ከፍ የሚል ይመስለኝ ነበር። መማሪያ መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነው። የንባብ ክፍለ ጊዜ ማለት አንዱ ሲያነብ አራቱ የአንባቢውን ጆሮ የሚመለከቱበት ሰዓት ነበር። የሚነበበውም ስለ ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ጠቃሚ ነገር መሆኑን አልክድም፤ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ አይበቅልም። ልጆቹ በመስኮት እየዘለሉ ይጠፋሉ። የቀሩትም የቀሩት መስኮቱ ስለራቃቸው ነው።

መጽሐፍ አልነበረም እንዳልል፣ ነበረ። ንብረት ክፍሉ ጋሽ ዘለቀ አንድ ሙሉ ቁምሳጥን መጽሐፍ ቆልፈውበት ቁልፉን ከቀበቷቸው ጋር አስረውት ይዞራሉ። ለልጆቹ የሚሆን አንድ ልብ ወለድ እንዲያውሱኝ ሦስት ጊዜ ለመንኳቸው።

«መጽሐፍ እኮ እህቴ፣ ሲነበብ ያልቃል» አሉኝ በሦስተኛው።

«ሲቆለፍስ?»

«ሲቆለፍ ይቆያል።»

ስለዚህ ቤቴ ሄጄ ራሴ ጻፍኩ።

አዎ፣ ጻፍኩ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁና የአንዲት ልጅ ታሪክ ጀመርኩበት። ልጅቷ በአሥራ አራት ዓመቷ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ ጥርስ ያላበቀሉ ልጆች ይስቁባታል፤ አባቷ ከወፍጮ ቤት ሥራ ሊያስገቧት ይፈልጋሉ፤ እሷ ግን የተጣለ ጋዜጣ እየለቀመች ታነባለች። ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። ዓርብ ይዤው ገባሁና ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ መስኮት ጋ የነበሩት ተመልሰው ተቀመጡ። ልጅቷ የትምህርት ቤቱን በር ስታንኳኳ ደወሉ ተደወለ፤ ደብተሩን ዘጋሁት። በሩ ይከፈትላት እንደሆነ ካልነገርኳቸው አንወጣም አሉ። አልነግርም አልኩ። እናንተ ብትሆኑ በር ካልተከፈተላችሁ ምን ታደርጋላችሁ፣ ጽፋችሁ አምጡ አልኳቸው። ሰኞ ሰማንያ ወረቀት ተቀበልኩ። በሕይወታቸው ከሦስት መስመር በላይ ጽፈው የማያውቁ ልጆች በሩን ሰብረውት፣ በጣሪያ ገብተውበት፣ አንዱማ በሬ አስጠምዶ ጎትቶት መጡ።

ከሁሉም የበለጠችው አስቴር ነበረች። አስቴር አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከደቡብ የመጡ ወላጆቿ የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ መዝሙራቸውን በሹክሹክታ የሚዘምሩ ሰዎች ስለነበሩ፣ ልጅቷም አፍ መክፈት በረከት ሳይሆን አደጋ መሆኑን እያወቀች ያደገች ናት። ልጆቹ በዕድሜዋ «እማማ» እያሉ ያሾፉባታል። ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርቷን ልታቆም እንደወሰነች ሰምቻለሁ። ያን ሰኞ አራት ገጽ ጽፋ መጣች። መጨረሻው ላይ «በሩ ባይከፈትም ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ የሚያነቡትን እሰማለሁ» ይላል። አንድም ነገር አላረምኩበትም። ይህ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ታዲያ በሁለተኛው ዓርብ አንዱ ተነሥቶ መጽሐፉን ማን እንደጻፈው ጠየቀኝ።

«እኔ» ማለት ነበረብኝ። ግን የታሪክ መምህራችን ትዝ አለኝ። አንዲት ቅጠል ዓመት ከመንፈቅ ካስከፈለች ሃምሳ ሉክ ስንት እንደሚያስከፍል ልቤ ቶሎ ብሎ አባዛ። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይመረምረው፣ ለሰማንያ ልጅ የሚነበብ ጽሑፍ የጻፈች መምህርት ማለት ነኝ። ዓይኔ በመስኮት ወጥቶ ሸሸ፤ ሄዶ ያረፈው የእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ በቆመው የእንጨት መላጊያ ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ከአንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጣ ነው፤ ሶኬቱ ከግድግዳችን ጋር ስላልተግባባ አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም፤ የእጅ ሥራ መምህሩ ኮቱን ይሰቅልበታል። ጎኑ ላይ በትልልቅ የፈረንጅ ፊደል የፋብሪካው ስም ተቀርጿል።

«ዝላቶቪን» አልኩ። «ደራሲ ፔትሮ ዝላቶቪን። ከወንድም አገር ነው። ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነው።» ፔትሮን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ልጅቷንም በአንድ ጊዜ ማሪካ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ችግሩ ማሪካን ባላየሁት አገር ማኖር ሆነ። በረዶ ሲዘንብ መጻፍ ነበረብኝ፤ እኔ የማውቀው በረዶ ጣሪያ የሚደበድበውን ነው። ማሪካ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቦኖ ሄደች። አንዱ እጁን አውጥቶ እዚያም ቦኖ አለ ወይ አለኝ። ወንድም አገር አይደል እንዴ አልኩት፤ ተቀመጠ። ያ መልስ በዚያ ዘመን ለብዙ ጥያቄ ይበቃ ነበር። አስቴርን ግን ሁሉም «እማማ» ማለቱን ተወ፤ «ማሪካ» ሆነ ስሟ፤ ትምህርት ስለማቆሟም ወሬው ቀረ።

ፍርሃቴ ደግሞ በየሳምንቱ ምዕራፍ ይጨምራል። በር ሲንኳኳ ሁሉ የሚንኳኳው ስለ ደብተሩ ይመስለኛል። አሰሳ ቢመጣ ፍራሽ ይገለበጣል፣ ሣጥን ይፈተሻል፤ ማንም እጁን የማይከትበት ቦታ ሳስብ የበርበሬ እንስራዬ ታወሰኝ። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልዬ በርበሬው ውስጥ ቀበርኩት። ላስቲኩ ለካ ቀዳዳ ኖሮታል። ዓርብ ክፍል ገብቼ ገጹን ስገልጥ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማሪካ የታመመች እናቷን የምታስታምምበት ምዕራፍ ነበር። እያነበብኩ እንባዬ ይወርዳል፤ ፊት ወንበር ያሉት ያስነጥሳሉ፤ ኋላ ያሉት የፊተኞቹ ስቅስቅ ብለው የሚያለቅሱ መስሏቸው የምራቸውን ያለቅሳሉ። ደወሉ ሲደወል ሰማንያ ልጅ ዓይኑን እያሸ ወጣ።

በሰኞው ወሬው ጎፋን ሞላው፤ መምህርቷ የምታነብበው መጽሐፍ ያስለቅሳል ተባለ። ረቡዕ የትምህርት ቤታችን ካድሬ ጓድ አስናቀ አስጠራኝ።

ጓድ አስናቀ ቀጭን ጎረምሳ ነው፤ በዚያ ወንድም አገር ስድስት ወር ስልጠና ወስዶ ስለመጣ ወሬውን ሁሉ «እኔ እዚያ በነበርኩበት ጊዜ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለ ድንች ብታወሩትም እዚያ የነበረውን ድንች ያመጣል። ሲጠራኝ መጀመሪያ ቤቴ ሄጄ ሁለት ሹራብ ደረብኩ። የተጠራ ሁሉ አይመለስም፤ ያልተመለሰ ደግሞ ይበርደዋል። የግንቦት ፀሐይ አናት ይበሳ ስለነበር ቢሮው ስደርስ ላቤ በጆሮዬ ሥር ይንቆረቆራል። ታመሽ ነው ወይ አለኝ። ጤነኛ ነኝ፣ ለአብዮቱ ስለምቸኩል ነው አልኩት። አፌ ይህን ማለቱን እኔም የሰማሁት ከሱ ጋር እኩል ነው።

ወንበር አልሰጠኝም።

«ዝላቶቪን አልሽ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ፔትሮ?»

«ፔትሮ።»

ጣቱን በጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። በኋላ ከወንበሩ ተደግፎ፣ «አውቀዋለሁ» አለ። «እኔ እዚያ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ስብሰባ ላይ አግኝቼዋለሁ። ጢሙ እስከ ደረቱ ነው።»

መሬት የሚከፈት ነገር ቢሆን ያኔ ይከፈትልኝ ነበር። ልብ በሉ፣ አልዋሸም ማለቴ አይደለም፤ ግን በዚያ ዘመን «አላውቅም» ማለት «አልደግፍም» ከማለት ብዙ አይርቅም ነበር። ስድስት ወር ተቀምጦ የመጣ ካድሬ የወንድም አገርን ታላቅ ደራሲ አላውቅም ሊል ነው? ሊል አይችልም። እኔም የለም ልለው አልችልም። ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ጫፍና ጫፉን ይዘን ቆምን፤ ቀድሞ የለቀቀ ይወድቃል።

ዋናው መጽሐፍ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ሳላስበው ጋሽ ዘለቀ ቁምሳጥን ውስጥ አልኩት። ጋሽ ዘለቀ ተጠሩ። ቁልፋቸውን እያንሻኳኩ ገቡ። ካድሬው የዝላቶቪን መጽሐፍ በእጃቸው መሆኑን ሲጠይቃቸው፣ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ቁምሳጥኑን ከቆለፉት ወዲህ ከፍተውት እንደማያውቁ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ንብረት ክፍል ሆኖ ንብረቱን አለማወቅ ደግሞ ምን እንደሚያስከትል እሳቸው ከሁላችንም የበለጠ ያውቃሉ።

«አለ» አሉ። ቆየት ብለው፣ ለመታመን ሲሉ፣ «ሽፋኑ ቀይ ነው» ብለው ጨመሩ።

እንግዲህ ደራሲዬ በአንድ ቀን ረጅም ጢምና ቀይ ሽፋን አበቀለ። የሌለ ሰው እንደሱ ሲወፍር አይቼ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አልነበረም። ካድሬው ሊያሰናብተኝ ሲል የምሥራች ነገረኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የዚያ ወንድም አገር ባለሙያ ስጦታዎቹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ሊጎበኝ ይመጣል፤ በዚያው ዕለት ስለ ዝላቶቪን ሥራ የውይይት መድረክ ይዘጋጃል፤ አቅራቢዋ እኔ ነኝ፤ ተርጓሚው እሱ ራሱ ነው።

ቤቴ የደረስኩት በእግሬ ይሁን በሌላ ነገር አላስታውስም። የወንድም አገር ሰው ወንድም አገር ውስጥ ዝላቶቪን የሚባል ደራሲ እንደሌለ በአንድ ቃል ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ማን በሐሰት እንደፈጠረው ነው፤ ከዚያም ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ለልጆች ብዬ ነው የሚል መልስ ያዳነውን ሰው አላውቅም። መጀመሪያ ደራሲውን ልገድለው አሰብኩ፤ ሞተ ተብሎ ቢሰማ ውይይቱ ይቀራል አልኩ። ግን ጓድ አስናቀ የሐዘን ሰልፍ ቢያዘጋጅስ? ተውኩት። ቀጥሎ ደብተሩን ላቃጥለው ቆረጥኩ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ክብሪት ይዤ ጓሮ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ከመገንጠሌ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ ሳነብ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎ አገኘሁ። አስገባሁ። ወረድ ስል አንዱ ግስ ከባለቤቱ ጋር አይስማማም። አስተካከልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምዕራፍ ሦስትን አርሜ ሳበቃ ክብሪቱ ከእጄ መውደቁን አየሁ። የታረመ ጽሑፍ እንዴት ይቃጠላል?

ቀኑ ደረሰ። የክፍሎቹን አግዳሚ ወንበሮች ግቢው ውስጥ ደረደርን። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የደራሲው ሥዕል ተለጥፏል፤ ልጆቹ ናቸው በካድሬው መግለጫ መሠረት የሣሉት፤ ጢሙ ከወረቀቱ አልፎ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ተቀጥሏል። እንግዳው ፊቱ የቀላ፣ ሆዱ ቀበቶውን ያስጨነቀ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ነበር። እኔ ሦስት ሹራብ ለብሻለሁ።

ስላነበብኩት ነገር ምንም አላስታውስም። የማስታውሰው ተማሪዎች ጥያቄ ይጠይቁ ተብሎ አስቴር ስትነሣ ነው። በሰው ፊት አፏን ስትከፍት ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን እስከ ኋላ ወንበር እየተሰማ፣ እንግዳው የአገራቸውን ደራሲ እንዲጠይቁላት የምትፈልገው ነገር እንዳለ ተናገረች።

«ደራሲው ማሪካን በእውነት ያውቃታል? ወይስ ዝም ብሎ ነው የፈጠራት?»

ጓድ አስናቀ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ እንግዳው ዞረና ጥቂት ቃላት ተናገረ። ቃላቱን አላውቃቸውም፤ መሀላቸው ላይ ግን «ዝላቶቪን» የሚለው ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

እንግዳው ፊቱ በራ። ከወንበሩ ብድግ አለ። «ዝላቶቪን! ዝላቶቪን!» እያለ መናገር ጀመረ፤ ይናገራል፣ ይናገራል፤ ሁለት እጁን አንድ ላይ ገጥሞ ወደፊት ይገፋል፣ ወደኋላ ይመልሳል፣ ደግሞ ወደፊት ይገፋል። እንጨት እየላገ ነው። በግቢው ውስጥ ይህ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር ያኔ።

ጓድ አስናቀ ላቡ በግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። እንግዳውን አየ፤ እኔን አየ። ወዲያው ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «እንግዳችን እንደገለጹት» አለ፣ «ጓድ ዝላቶቪን ቀን ከሌት ይጽፋሉ። እጃቸው ዕረፍት አያውቅም።» እጁን እንደ እንግዳው ወደፊትና ወደኋላ አደረገው። ጭብጨባ ሆነ። «ማሪካንም ያውቋታል። በደንብ ያውቋታል። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች።»

አስቴር ቁጭ አለች። ፊቷን ያኔ ብታዩት።

እኔ ተረፍኩ ስል እንግዳው ከመድረኩ ወርዶ እጁን እያወዛወዘ ወደ እጅ ሥራ ክፍል መራመድ ጀመረ። ካድሬው ተከተለ፤ ርእሰ መምህሩ ተከተለ፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተከተለ። እኔም እግሬን እየጎተትኩ ተከተልኩ፤ ወደ መሰቀያው የሚሄድ ሰው የሰልፉ ኋላ ላይ ሲሆን እኔን አያችሁ ማለት ነው። እንግዳው ማሽኑ ዘንድ ደረሰ፤ የመምህሩን ኮት አንሥቶ ለርእሰ መምህሩ አስታቀፈው፤ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ፤ ስሙ ላይ ሲደርስ በጣቱ መታ መታ አደረገና እንደገና «ዝላቶቪን!» አለ። ጓድ አስናቀ ጎንበስ ብሎ የተቀረጸውን ፊደል አነበበ። አንገቱ ከኋላ ሲቀላ አየሁት። ቀና ሳይል ጥቂት ቆየ፤ ያቺ ጥቂት እንደ ሑዳዴ ረዘመችብኝ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«የዝላቶቪን ሥራ» አለ፣ «ልክ እንደዚህ መሣሪያ የሰውን አእምሮ ይልጋል ነው የሚሉት። በዚህ ምክንያት ሠራተኛው መደብ በየማሽኑ ላይ ስሙን ይቀርጽለታል።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ጋሽ ዘለቀ ከሁሉም በላይ ያጨበጭባሉ።

ያኔ ነው እንግዳው ወደኔ የመጣው። ካድሬው የሆነ ነገር ብሎት ይሆናል፣ እኔ እንጃ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሳቁን አቆመ፤ ያችን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ጓድ አስናቀም በጎኔ፣ «በርቺ ብለውሻል» አለኝ።

መጽሐፉን በሰኔ አንብበን ጨረስን። አስቴር ወደ ስምንተኛ አለፈች፤ ከዚያም ከዚያ በላይ። እኔ ግን ለማንም አልተነፈስኩም። ለዓመታት አልተነፈስኩም። ለጎረቤት አይነገር፣ ለባልደረባ አይነገር፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ልናገር ሄጄ ዋሽቻለሁ ብቻ ብዬ ተመለስኩ።

ዓመታት አልፈው ጓድ አስናቀ ዘመቻ ሄዶ አንድ እግሩን እያነከሰ ተመለሰ። ካድሬነቱ ቀርቶ የቀበሌያችን ሕብረት ሱቅ ውስጥ ስኳር ይመዝናል። ያኔ «አንቺ» ነበር የሚለኝ፤ ሱቅ ሲገባ «እርስዎ» ተማረ። አንድ ቀን ኩፖኔን ይዤ ስሄድ ሰልፉ አልቆ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ስኳሩን እየመዘነ ስለ ልጁ አወራኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ከትምህርት መጽሐፍ በቀር ወረቀት አልነካ ብላዋለች። ያ የዝላቶቪን መጽሐፍ እጄ ላይ ካለ እንዳውሰው ጠየቀኝ።

የለም ማለት እችል ነበር። ዓመታት ያሠለጠንኩት ምላስ ነው። ግን አባት ሆኖ ሲጠይቀኝ ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«ጓድ አስናቀ» አልኩት፣ «ዝላቶቪን እኮ የእንጨት መላጊያ ነው። መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ማንካውን ስኳሩ ውስጥ ሰካው። በር በሩን አየ። እኔም በሩን አየሁ። ለካ እስከዚያን ቀን ድረስ ፍርሃቱ አንድ ግራም አልቀነሰም።

«አውቃለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ስሙን ማሽኑ ላይ ያነበብኩ ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ያ እንግዳ ሲናገሩ የሰሙትን እርስዎ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ሰምቼ?» አለና ሳቀ። «እዚያ ስድስት ወር ስቀመጥ አራቱን ወር በብርድ ታምሜ ሆስፒታል ነበርኩ። የማውቀው ዳቦ፣ ብርድና አመሰግናለሁ ማለት ነው። ያን ቀን የሳቸውን አፍ ትቼ የእርስዎን ፊት ነበር የማየው። የተረጎምኩት ፊትዎን ነው።»

እጄን ይዘው መጨረሻ ላይ ያሉኝስ ምን ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከአንደበቱ «አላውቅም» የሚል ቃል ሲወጣ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። መቀመጫ ፈልጌ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ቁጭ አልኩ። የሆነ ነገር ከላዬ ላይ ወርዷል፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልገባኝም፤ እንባዬ መጣ፣ በርበሬ የሌለበት።

ጓድ አስናቀ ስኳሩን በወረቀት ጠቀለለልኝ። ሊሰጠኝ ሲል እጁን መልሶ ሰበሰበ።

«እንግዲህ ደራሲዋ እርስዎ ከሆኑ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለኝ። «ያኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሰማ ነበር፣ በየሳምንቱ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ምዕራፍ አምስት ላይ ግን ይንዛዛል። እኔ የትርጉም ችግር ይመስለኝ ነበር።»

ከበርሜሉ ተነሣሁ። ስኳሩን ከእጁ ተቀበልኩት።

«አይንዛዛም» አልኩት።